የኤሚሊዮን ስም የተረተርኩበት ቀን

ቤዝቦል የሚባለው ጨዋታ እስከ ዛሬ በወጉ አልገባኝም። ቡድናችን ማሸነፍ መሸነፉን የማውቀው ከተጫዋቾቹ ፊት ነበር። ይሁን እንጂ በዘጠናዎቹ ውስጥ፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ሚኒያፖሊስ ውስጥ የዚያን ቡድን ማሊያ የምጠግነውና የተጫዋቾቹን ስም ጀርባቸው ላይ የምሰፋው እኔ ነበርኩ። ስሜ ጽጌ ነው። ፈረንጆቹ አልሆንላቸው ብሎ “ዚጊ” ይሉኝ ነበር።

ስፌት የተማርኩት ካርቱም ነው፤ አሜሪካ የሚያስገባኝን ወረቀት ስጠብቅ። እዚያ ስፌት ብቻ አልተማርኩም፣ ዝም ማለትንም ተማርኩ። ያየሁትን አላየሁም፣ የሰማሁትን አልሰማሁም እያልኩ ነው ሚኒሶታ የደረስኩት። ለዚያ ሥራ ደግሞ የሚፈለገው እንደዚህ ዓይነት ሰው ነበር።

የምሠራበት ክፍል ከስታዲየሙ ወንበሮች በታች፣ መስኮት የሌለው ምድር ቤት ነው። በአንድ በኩል የእኔ የስፌት መኪና፣ በሌላ በኩል በር የሚያካክሉ የልብስ ማጠቢያ ማሽኖች አሉ። አለቃዬ ሚስተር ካርል የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። የአካባቢው ተወላጅ ስለሆኑ ወሬ አያበዙም፤ ከአፋቸው ሦስት ቃል ከወጣ ዛሬ ተጫወቱ ይባላል። የቀጠሩኝ ቀን ግን ረዘም ያለ ንግግር አደረጉ።

“ዚጊ፣ እዚህ ክፍል ውስጥ ማን እንደሚመጣና ማን እንደሚሄድ ከጋዜጠኛ ቀድመሽ ታውቂያለሽ። ምክንያቱም ስም የምትሰፊው አንቺ ነሽ። ለማንም አትናገሪም። ለባልሽም ጭምር።”

“እሺ ሚስተር ካርል።”

“በተለይ ለባልሽ።”

ባለቤቴን በረከትን አንዴ አግኝተውታል፤ አንዴ በቅቷቸዋል። በረከት የአስመራ ልጅ ነው፣ ታክሲ ይነዳል። በራዲዮ ጨዋታ ሲሰማ፣ ሲሰማ ቤዝቦል ለከፈው። በዚያን ጊዜ ቡድናችን ክፉኛ ይሸነፍ ነበር። የቡድኑ ባለቤት ስስታም ስለነበሩ ጥሩ ተጫዋች ሲወጣላቸው ቶሎ ይሸጡና በምትኩ ማንም የማያውቃቸውን ጎረምሶች ያመጣሉ። በረከት ደግሞ ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ላይ ባለች አንዲት ሻይ ቤት ከጓደኞቹ ጋር ተቀምጦ ይሄንን እንደ መንግሥት ጉዳይ ይከራከርበታል። ማታ ሲዋርድ የሚባለው ሰፈር ወዳለው ቤታችን ሲመጣ ምርመራው ይጀመራል።

“ማንን ሊሸጡ ነው?”

“እኔ ምን አውቃለሁ? ልብስ ሰፊ ነኝ።”

“ጽጌ፣ ከባልሽ የሚበልጥ ቡድን አለሽ?”

“እራትህ ቀረበ።”

ለማታውቁት፣ ሁለት ቡድኖች ተጫዋች ሲለዋወጡ ትሬድ ይባላል። ተጫዋቹን “ትሄዳለህ ወይ?” ብሎ የሚጠይቀው የለም። ጠዋት የሚኒሶታ ሰው ሆኖ ቁርሱን ይበላና ማታ ቴክሳስ ያድራል። ከኋላው ሚስት ዕቃ ትሸክፋለች፣ ልጆች ትምህርት ቤት ይቀይራሉ። የጁላይ የመጨረሻው ቀን ሲሆን ገበያው ስለሚዘጋ ሁሉም ይሯሯጣል። የምነግራችሁም የዚያን ቀን ነገር ነው።

ጠዋት ገና የመግቢያ ካርዴን ቦርሳዬ ውስጥ ሳልከት ሚስተር ካርል አንድ ማሊያ ይዘው ገቡ።

“ስሙን ተርትሪው። ቁጥሩን ተይው። ይሄንን ስም ስፊበት፤ የሚመጣው ሰውዬ ከዚህ ቁጥር ሌላ አልለብስም ብሏል” አሉና የአዲሱን ሰውዬ ስም ፊደል በፊደል ነገሩኝ። ከትከሻ እስከ ትከሻ የሚደርስ ረጅም ስም ነው።

ማሊያውን ገልብጬ ጀርባውን አየሁት። የኤሚሊዮ ነው፤ ሁለተኛው፣ ትርፍ ማሊያው።

“አዲስ ጨርቅ የለም እንዴ?”

“የቡድኑን ባለቤት ታውቂያቸዋለሽ” አሉ ሚስተር ካርል። ከዚያም ከበሩ ዞር ብለው፣ “አልሰማሽም” አሉኝ።

“አልሰማሁም።”

ኤሚሊዮ በሜዳው በስተግራ ቆሞ ከሩቅ የሚመጣ ኳስ የሚቀልብ የዶሚኒካን ልጅ ነው። ወደ እኔ ክፍል ወርዶ ሰላም የሚለኝ ተጫዋች እሱ ብቻ ነበር። እንግሊዝኛውን እንደ እኔ ስለሚሰባብረው ከማንም በላይ እንግባባለን። ከሁለት ሳምንት በፊት ልጁን አዝሎ መጥቶ፣ “ይሄ ልጅ የተወለደው አንድ ከተማ፣ መራመድ የጀመረው ሌላ ከተማ፣ ጥርስ ያበቀለው ሌላ ከተማ ነው” ብሎኝ ነበር። እየሳቀ ነው ያለው፤ እኔ ግን አልሳቅኩም።

ምን አደርጋለሁ? ሥራዬ ነው። ምላጬን አንስቼ ስሙን መተርተር ጀመርኩ። ፊደሎቹ አንድ በአንድ እየተነሱ ጭኔ ላይ ይወድቃሉ። የአባቱ ስም በዜድ ያልቃል፤ እሷን መጨረሻ ላይ አነሳሁና አዲሱን ስም መስፋት ያዝኩ። እንደጨረስኩ በሩ ተበርግዶ፣

“ሴኞራ ዚጊ!” አለ ኤሚሊዮ።

በደመ ነፍስ ማሊያውን ወንበሬ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩበት።

ሱፍ ለብሷል። በሕይወቴ ሱፍ ለብሶ አይቼው አላውቅም። “ይሄ ሱሪ ተጨማደደብኝ፤ ተኩሽልኝ። ዛሬ ትልቅ ቀን ነው።”

“ምን ተገኘ?” አልኩ፤ ድምፄ ለራሴ እንኳን ደስ አላለኝም።

“ቤት ልንገዛ ነው! ዉድበሪ፣ ከከተማ ወጣ ብሎ። ከምሳ በኋላ ከሻጮቹ ጋር እንፈራረማለን። ለእናቴ የራሷ ክፍል አለው። ማርሴላ ‘ከእንግዲህ ዕቃ አልሸክፍም’ ብላ ምላለች።” ማርሴላ ሚስቱ ናት። “ሌላም የሚፈልገው ሰው አለ፤ እኛ ከቀረን ለእሱ ሊሸጡለት ነው።”

እኔ እንግዲህ ስሙ የተተረተረበት ማሊያ ላይ ተቀምጫለሁ። ከሰዓታት በኋላ ወደማያውቀው ከተማ ሊላክ ያለ ሰው፣ ሊኖርበት የማይችል ቤት ሊፈርም ነው። ብናገር እንጀራዬ ይቆረጣል፤ ባልናገር ደግሞ ማታ እንዴት አድርጌ ልተኛ ነው?

“ሱሪህን አውልቅ” አልኩት።

አንዱን ትልቅ ፎጣ ሰጠሁት። ከመጋረጃ ጀርባ ሲገባ ማሊያውን ወንበሬ ላይ ካለው ትራስ ሥር ሸጎጥኩት፤ አገልድሞ ወጣና ሱሪውን አቀበለኝ። ካውያውን አነሳሁ፣ አስቀመጥኩ። ብተኩሰው ይሄዳል። ባቃጥለው ሌላ ይለብሳል። ከዚያ ሱሪውን ስነካው ኪሱ ውስጥ የመኪናው ቁልፍ ተንኳኳ፤ በቃ፣ እዚያው ወሰንኩ። ወደ ማጠቢያው ሄጄ ሱሪውን ከነቁልፉ ከቆሸሹት ፎጣዎች ጋር ከትቼ በሩን ዘጋሁና ማስነሻውን ተጫንኩት። የእኛ ማሽኖች አንዴ ከጀመሩ ሳይጨርሱ በራቸው አይከፈትም።

“ዚጊ! ምን አደረግሽ?”

“እድፍ ነበረበት።”

“የት ላይ?”

“ከኋላ። አንተ ልታየው አትችልም።”

ኤሚሊዮ በፎጣው ማሽኑ ፊት ተንበርክኮ በመስታወቱ ያይ ጀመር። ሱሪው ዞረ፣ ቁልፉ ቋ ቋ እያለ ይመታል። “ሱፍ እኮ ነው!” አለ። “ቁልፌም ውስጥ ነው!” በሩን ጎተተው፤ ማሽኑ ወይ ፍንክች። ስንት ኳስ ከሰማይ የሚያወርድ ሰው አንዲት በር አቃተችው።

ደግነቱ ተናዶ የሚጮህ ሰው አይደለም። ግድግዳው ላይ ያለውን ስልክ አንስቶ ለማርሴላ በስፓኒሽ ብዙ ነገራት። ሲዘጋው ፊቱ ፈክቷል። “ችግር የለም። የሌላ ተጫዋች ሱሪ እዋሳለሁ። እሷ በራሷ መኪና መጥታ ትወስደኛለች።”

ይሄንን አላሰብኩትም ነበር።

ማርሴላ ስትደርስ የተጫዋቾች በር ላይ የተቀበልኳት እኔ ነኝ፤ “አንተ በፎጣ አትውጣ፣ እኔ አመጣታለሁ” ብዬ። የስታዲየሙ ጣሪያ በአየር የተነፋ ስለሆነ በሩ ሲከፈት ነፋሱ ሰውን ወደ ውጭ ይገፋል። እኔን ገፍቶ ማርሴላ ደረት ላይ ለጠፈኝ። ቀጭን፣ ዓይኗ ምንም የማያመልጠው ሴት ናት፤ ነጭ ቀሚስ ለብሳለች።

“የባሌን ሱሪ የምታጥቢው አንቺ ነሽ?”

“ቤቱ እንዴት ነው? ክፍሉ ሰፊ ነው? በክረምት አይቀዘቅዝም? ጣሪያው ያፈሳል እንዴ?” አልኳት በአንድ ትንፋሽ።

“ለምን ትጠይቂኛለሽ?”

“እንዲያው... ቤት እንዲህ በችኮላ አይገዛም።”

ትክ ብላ አየችኝ። ከዚያ ዓይኗ ወደ ቀሚሴ ወረደ። እጇን ዘርግታ ከጉልበቴ በላይ ክር ተይዞ የተንጠለጠለ ነገር ነቅላ አነሳች። ዜዷ ናት። ሁሉንም ፊደል ሰብስቤ ኪሴ ከትቼ ነበር፤ እሷ ግን ቀሚሴ ላይ ቀርታለች።

ማርሴላ ዜዷን ገለበጠቻት። ጠርዟ ላይ የተተረተረ ክር አለ። ያ ፊደል ያለበትን ማሊያ በየቤቱ ገመድ ላይ ስታሰጣ የኖረች ሴት ናት። አንድም ቃል አልተናገርኩም፤ በእናቴ እምላለሁ። እሷም አልጠየቀችኝም። ዓይኗ ሞላ፣ ግን አላፈሰሰችውም። ዜዷን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

“ወዴት?” አለችኝ ቀስ ብላ።

“አላውቅም።”

“እሱ ያውቃል?”

“አያውቅም።”

ትንሽ አሰበች። “ከጨዋታ በፊት ከእኔ አፍ ቢሰማ አለቆቹን ሄዶ ይጣላል። እነሱ ራሳቸው ይንገሩት” አለች። ከዚያ በረዥሙ ተንፍሳ፣ “በየት በኩል ነው ክፍልሽ?” አለችኝ።

እንደገባን ኤሚሊዮ የሰው ሱሪ ለብሶ፣ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ቀርቶበት ተነስቶ ቆመ። ማርሴላ ሆዷን ያዘች። “ወይኔ!” አለች። ዝም ብላ አልወደቀችም፤ ነጭ ቀሚሷን አስባ ንጹህ ፎጣ የተከመረበትን መርጣ ነው የወደቀችው።

“ምን ሆንሽ?”

“ሆዴን! ቆረጠኝ! መንቀሳቀስ አልችልም!”

ሚስተር ካርል ጩኸት ሰምተው መጡ። በረዶ በፕላስቲክ ይዘው ስለነበር በረዶውን ሰጧት፤ እሳቸው ለሁሉም በሽታ የሚያውቁት መድኃኒት በረዶ ነው። ኤሚሊዮ ሐኪም ልጥራ ሲል ማርሴላ ሻል ይላታል፤ ቶሎ እንሂድ ሲል ይብስባታል። በመጨረሻ ቤቱን ለምታሻሽጠው ሴትዮ ስልክ ደወለ። ያለ ሁለቱ ፊርማ አይሆንም። ለነገ ይተላለፍልን ብሎ ለመናት። ሴትየዋ ሻጮቹን ጠይቃ መልሳ ደወለች፤ ስልኩን ይዞ አዳመጠ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ዘጋ።

“ለሌላው ሰው ሸጡት” አለ።

የልብስ ቅርጫት ላይ ተቀመጠ። “የእናቴ ክፍል መስኮቱ ወደ ዛፍ ነበር” አለ፤ ማንንም ሳያይ። ማርሴላ ማቃሰቷን አቆመች። እኔ የስፌት መኪናዬን መርፌ ማየት ጀመርኩ። ደግ ሥራ ነው ብዬ የጀመርኩት ነገር ለምን እንዲህ እንዳስጠላኝ አላውቅም። ማሽኑ ብቻ ቋ ቋ ይላል።

ይሄኔ የሚስተር ካርል ቢሮ ስልክ ጮኸ። ሄደው ብዙ ቆዩ። ሲመለሱ ማርሴላ ከፎጣ ክምር በስተጀርባ፣ ኤሚሊዮ ከበሩ ጀርባ ቅርጫቱ ላይ ስለነበሩ ሁለቱንም አላዩዋቸውም፤ የሄዱ መሰላቸው።

“ዚጊ፣ የድሮውን ስም መልሺው” አሉ። “ሊመጣ የነበረው ሰውዬ ትከሻው ታሟል፤ ሐኪሙ አላሳለፈውም። ትሬዱ ፈርሷል። ኤሚሊዮ የትም አይሄድም።”

“ምን?” አለች ማርሴላ፤ ከፎጣው ውስጥ ቀጥ ብላ ተቀመጠች። እንዲህ በቅጽበት የዳነ በሽተኛ አይቼ አላውቅም።

“ምን ስም?” አለ ኤሚሊዮ ከበሩ ጀርባ።

ሚስተር ካርል ዞር ብለው አዩት፣ ማርሴላን አዩ፣ በመጨረሻ እኔን አዩኝ። ከወንበሬ ተነሳሁና ማሊያውን ከትራሱ ሥር አወጣሁ። ስቀመጥበት ስለዋልኩ ተጨማዷል። ኤሚሊዮ ተቀብሎኝ ዘረጋው። የራሱ ቁጥር፣ ከላዩ የማያውቀው ሰው ስም። በአውራ ጣቱ ስፌቱን ዳሰሰው።

“ጠዋት ‘ምን ተገኘ?’ ስትዪኝ እዚህ ላይ ተቀምጠሽ ነበር?”

“አዎ።”

“አንቺስ?” አላት ሚስቱን።

“ከበሩ ጀምሮ” አለች ማርሴላ።

“ተናግረሻል!” አሉኝ ሚስተር ካርል፤ ከዚያ በፊት ተቆጥተው አያውቁም።

“አልተናገርኩም።”

“አልተናገረችም” አለች ማርሴላ፤ ቦርሳዋን ከፍታ ዜዷን አሳየቻቸው። “ያገኘሁት እኔ ነኝ።”

ልክ በዚያ መሐል ማሽኑ ጨረሰና በሩ ጠቅ ብሎ ተከፈተ። ሄጄ ሱሪውን አወጣሁት። ሱፉ ተኮማትሮ ለዚያ ጥርሱን በሦስተኛ ከተማ ላበቀለው ሕፃን የሚሆን ሱሪ ሆኗል። ይዤው ቆምኩ። ኤሚሊዮ ሱሪውን አየ፣ እኔን አየ፣ “እድፉስ ለቀቀ?” አለኝ።

መጀመሪያ የሳቁት ሚስተር ካርል ናቸው። እንደዚያ ስንቆይ አንዴም ሲስቁ አላየኋቸውም፤ እንደ አሮጌ መኪና አልነሳ ብሎ፣ ብሎ ሲነሳ የማይቆም ሳቅ ነው። ማርሴላ እየሳቀች አለቀሰች። ኤሚሊዮ ፊቱን በማሊያው ሸፈነ፤ እየሳቀ ይሁን እያለቀሰ እስከ ዛሬ አልነገረንም።

እኔ ግን ሥራ ነበረብኝ። ስሙን ልመልስ ስል ዜዷ የለችም። “ስጪኝ” አልኳት ማርሴላን።

“ቤቴን አሳጥተሽኛል። ሌላ ቤት ስታገኚልኝ እሰጥሻለሁ” ብላ ቦርሳዋን ዘጋች።

እየቀለደች መስሎኝ ነበር። እየቀለደች አልነበረም። ትርፍ ፊደል ፈልጌ ሳጣ ከዚያ ከሰውዬው ረጅም ስም ኤን የሚባለውን ፊደል ወስጄ አጋደምኩት። ሲጋደም ዜድ ይሆናል፤ ትንሽ ወፈር ያለ ዜድ። ማታ ኤሚሊዮ ኳስ ሊቀልብ ተወርውሮ የመጀመሪያው ማሊያው ሲቀደድ ያንን ለበሰ። ሚስተር ካርል ከሩቅ አይተውት፣ “ዜዱ ምሳ በልቷል” አሉ። ቡድኑም እንደተለመደው ተሸነፈ።

ለሁለት ቀን ከሥራ እባረራለሁ ብዬ ጠበቅኩ። አልተባረርኩም። የመጣችብኝ ማርሴላ ናት። በእረፍት ቀኔ ሲዋርድ ደጃችን ላይ መኪናዋን አቁማ ጥሩንባ ነፋች። ከዚያን ቀን ጀምሮ የእረፍት ቀኔ የእሷ ሆነ። ከዚያች ቤት አሻሻጭ ሴትዮ ጋር ከቤት ቤት እንዞራለን። ስፌት የለመደ ዓይን የሚያየው የተጣመመ ነገር ነው፤ በሩ አይገጥምም፣ ጥግ ላይ ያለው ቀለም እርጥበት ሊደብቅ የተቀባ ነው፣ ምድጃው ወዴት ነው፣ ጎረቤቱ ማነው እያልኩ ሴትየዋን አደረቅኳት። አንድ ቀን፣ “ዚጊ፣ ከእኔ የበለጠ ትጠይቂያለሽ። ለምን ፈቃድ አታወጪም?” አለችኝ። እኔ ነኝ ጠያቂ? ያየሁትን አላየሁም ስል የኖርኩት ሴት? መኪና ውስጥ ገብቼ ለብቻዬ ሳቅኩ።

ቅጠል ሲረግፍ ዉድበሪ ውስጥ ሌላ ቤት ተገኘ። ከመጀመሪያው ያነሰ ነው፤ የእናትየው መስኮት ግን ወደ ሁለት ዛፍ ነው። ማርሴላ በፈረመችበት ጠረጴዛ ላይ ዜዷን አስቀምጣ ወደ እኔ ገፋችልኝ።

ያን ክረምት ኤሚሊዮን ሸጡት። በረዶው ጉልበት ደርሶ ሳለ ትሬድ አደረጉት፤ ሞቃት አገር ላኩት። ስሙን ለሁለተኛ ጊዜ የተረተርኩት እኔ ነኝ፤ በዚህኛው ጊዜ ግን አስቀድሞ አውቆታል። ሰምቼ ዉድበሪ ስሮጥ ማርሴላ መጋረጃ ትሰቅላለች።

“ዕቃ አትሸክፊም እንዴ?”

“የሸጡት እሱን ነው” አለችኝ ከመሰላሉ ላይ። “እኔን ማን ሸጠኝ?”

አልሄደችም። ልጁም እዚያው ተማረ፣ አማትየዋም መጥታ መስኮቷ አጠገብ ተቀመጠች። ኤሚሊዮ ከከተማ ከተማ ተሸጠ፤ በየመኸሩ ግን ሻንጣውን እየጎተተ ወደዚያው ቤት ይመጣል። ጉልበቱ ሲያልቅ ጠቅልሎ ገባ።

ለበረከት የነገርኩት ከዓመታት በኋላ ነው፤ እነ ኤሚሊዮ ጓሮ ሥጋ እየተጠበሰ። ተቆጥቶ ይነሳል ብዬ ስጠብቅ ሹካውን ጥሎ፣ “ሊሸጡት ነበር? እኔ ሻይ ቤት ውስጥ ‘ኤሚሊዮን አይነኩትም’ ብዬ ስምል?” አለ። ከዚያ አሰበና፣ “ግን አልሸጡትማ! ያን ቀን ልክ ነበርኩ!” ብሎ ሹካውን አነሳ።

አንባቢዎቼ፣ ምስጢር አታውጡ ወይም አውጡ እያልኩ አልመክራችሁም። እኔ አላወጣሁም፤ ሱሪ ነው ያጠብኩት። የሰው ሱሪ ስላበላሸሁ ግን ሕይወቴ ተቀየረ። ከዚያን ቀን በፊት ሰው ሲመጣና ሲሄድ ስም እየሰፋሁ እየተረተርኩ ዝም ብዬ አይ ነበር። ከዚያ በኋላ እጄን ማስገባት ለመድኩ። ፈተናውን አልፌ ፈቃድ አወጣሁ፤ ሚስተር ካርልም ሲሰናበቱኝ “ጥሩ ጠያቂ ነሽ” አሉኝ፣ ለእሳቸው ንግግር ነው። ዛሬ ሥራዬ ቤት ማሻሻጥ ነው፤ በረከት ደላላዋ ይለኛል።

በቅርቡ ለአንድ ወጣት ባልና ሚስት ቤት አሳይቼ ለፊርማ ተቀመጥን። ባልየው እስክሪብቶውን ይዞ፣ “መሥሪያ ቤቴ ወደ ሌላ ስቴት ቢያዛውረኝስ?” እያለ ያመነታል። ሚስቱ አንገቷን ደፍታለች።

“እሱን ያዛውሩት” አልኳት። “አንቺ የት መኖር ትፈልጊያለሽ?”

ቀና ብላ አየችኝ፤ ከዚያ እስክሪብቶውን ከባሏ እጅ ወሰደችው።